ለማያርፍ ጭንቅላት፦ ስለ ‹ኢንሶምኒያ ኮች› አፕ የአንዲት ፋርማሲስት አስተያየት

ጭንቅላታችሁ ሌሊት የማያርፍ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ፍራሹ ስለማይመች ወይም ጎረቤት ስለሚጮህ እንቅልፍ ላጡ ሰዎች አይደለም። መብራቱ ሲጠፋ ሐሳባቸው ለሚነሣባቸው ነው።

ስለ ‹ኢንሶምኒያ ኮች› ነው የምጽፈው። እንቅልፍ ላጣ ሰው የተሠራ የስልክ አፕ ነው። የሠራው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ግን ወታደር ላልሆነም ሰው ክፍት ነው። ነፃ ነው። ለመጀመር ስም አይጠይቅም፣ ካርድ አይጠይቅም። በአንድሮይድም በአይፎንም አለ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ከሞከርኳቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ይህ ነው። የጠቀመኝ ግን ብዙ ሰው ከእንቅልፍ አፕ በሚጠብቀው መንገድ አይደለም። የባሕር ድምፅ እያሰማ አያስተኛም። ሥራ ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ይህን ሳልነግራችሁ ‹አውርዱት› ማለት ልክ አይሆንም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰፈር መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ቀን ላይ የጭንቅላቴ ፍጥነት ይጠቅመኛል። አንዱን ታካሚ እያስተናገድኩ የሌላውን ማዘዣ አነባለሁ። የትኛው መድኃኒት ከየትኛው እንደማይስማማ፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ ምን ሊያልቅ እንደተቃረበ ሳልፈልገው ይመጣልኛል። ባልደረቦቼ ‹አንቺ ኮምፒውተር ነሽ› ይሉኛል።

ሌሊት ያው ጭንቅላት ሥራውን ይቀጥላል። የኢንሱሊኑ ፍሪጅ በደንብ ተዘግቷል? ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ መብራት ከሄደስ? ለዚያች ወጣት እናት የልጁን ሽሮፕ እስከ ምልክቱ ድረስ በውኃ እንድትበጠብጠው ነግሬያታለሁ? እሺ፣ ነግሬያታለሁ። ዱቄቱ እስኪሟሟ እንድትነቀንቀውስ? ከዚያ ወደ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ እሄዳለሁ። ከዚያ ወደ ዕቁብ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሳላናግራት ያለፍኳት ሴትዮ። ከዚያ ተመልሼ ፍሪጁ ጋ። ሰውነቴ ደክሞ ያቃስታል፤ ጭንቅላቴ ግን ገና ጧት እንደሆነ ሁሉ ይሮጣል።

ሰው ሁሉ ‹ሐሳብ አታብዢ› ይላል። እናቴም ‹ልጄ፣ ለእግዜር ስጪውና ተኚ› ትለኛለች። እናቴን እሰማለሁ፤ እጸልያለሁም። ጸሎቴ ልቤን ያሳርፈዋል። ነገር ግን ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ የምቆይባት ያቺ ሰዓት ነበረች የምታስቸግረኝ። ‹አታስቢ› የሚለው ምክር ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሠራም። ላለማሰብ የሚታገል ሰው ያው እያሰበ ነው፤ እያሰበ መሆኑን ሲያይ ደግሞ ይጨነቃል።

ወደዚህ አፕ ከመድረሴ በፊት ሌሎች ነገሮች ሞክሬያለሁ። በአጭሩ ልለፋቸው። አሜሪካ ያለችው እህቴ ሜላቶኒን ላከችልኝ። ብዙ ሰው ቤት አሁን ይህ ብልቃጥ አለ። ሜላቶኒን ለሰውነት ‹መሽቷል› ብሎ የሚነግር ሆርሞን ነው። ከሩቅ ሀገር በረው ለመጡና ሰዓት ለተዛባባቸው ሊረዳ ይችላል። የእኔ ሰውነት ግን መምሸቱን ያውቃል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የእንቅልፍ ማጣት ሜላቶኒን እንዲሰጥ አልመከረም። በየወሩ የሚከፈልበት አንድ የማሰላሰያ አፕም ነበረኝ። የዝናብ ድምፁ ደስ ይል ነበር። እኔ ግን ዝናብ ስሰማ የሚመጣልኝ በረንዳ ላይ የተሰጣው ልብስ ነው።

መድኃኒቱን ግን እንዲህ በአጭሩ አላልፈውም፤ እዚያ ላይ ብዙ አያለሁና።

ወደ ምሽት አካባቢ ከሚመጡት ሰዎች መካከል እንቅልፍ የሚሹት ቀላል ቁጥር የላቸውም። አንድ አዛውንት ደንበኛ አሉን። መስኮቱ ላይ ክንዳቸውን ያሳርፉና ‹ዶክተር፣ የሚያስተኛ ነገር ስጪኝ፤ ሐሳብ ገደለኝ› ይላሉ። ‹አባባ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ አልችልም› እላቸዋለሁ። ዳያዜፓምና መሰሎቹ በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚወጡት በከንቱ አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት እንጂ ለወራት የሚወሰዱ አይደሉም። ሰውነት ይለምዳቸዋል። በድንገት ሲቋረጡ እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። አዛውንት ላይ ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ያንገዳግዳሉ፣ ይጥላሉ። ሌሎች ሰዎች የአለርጂ መድኃኒት ለእንቅልፍ ብለው ይገዛሉ። እሱም በጥቂት ቀን ውስጥ ማስተኛቱን ያቆማል፤ የአፍ ድርቀቱና የጧት ድንዛዜው ይቀራል።

ስለዚህ መድኃኒት ከማንሳቴ በፊት የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ቡና በስንት ሰዓት ይጠጣሉ? አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ? ለብግነትና ለአለርጂ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን፣ የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል፣ ለአፍንጫ መታፈን የሚሰጠው ሱዶኤፌድሪን፣ ሁሉም ሰውን ሊያነቁ፣ አንዳንዶቹም ልብን ሊያስሮጡ ይችላሉ። ሳያስቡት ከስተዋል? እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ያልባል? ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራም ሰው ይህንኑ ‹ጭንቅላቴ አያርፍም› ይላል። ለእሱ መፍትሔው የደም ምርመራ ነው፤ አፕ አይደለም።

እነዚህን ለራሴም አረጋግጫለሁ። ዕጢዬ ደህና ነው። መድኃኒት አልወስድም። የቀረኝ እንግዲህ ያው የሚሮጥ ጭንቅላቴ ነው።

አሁን ወደ አፑ። ‹ኢንሶምኒያ ኮች› የተሠራው ለእንቅልፍ ማጣት ተብሎ በተዘጋጀ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ላይ ነው። ይህ ሕክምና የአንድ አፕ ፈጠራ አይደለም። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ አልጋና ስለ እንቅልፍ የጻፈው ሕግ አንዱ መሠረቱ ነው። ሌላው አርተር ስፒልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት የአልጋ ሰዓትን የመገደብ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ ለቆየ የእንቅልፍ ማጣት ከመድኃኒት በፊት መጀመሪያ የሚሰጠው ይህ ሕክምና እንዲሆን መክሯል። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ‹ከመድኃኒት በፊት› የሚል ምክር በቀላሉ አይወጣም።

አፑ ለ5 ሳምንታት የሚሄድ የሥልጠና ዕቅድ አለው። ልቡ ግን የእንቅልፍ መዝገቡ ነው። በየጧቱ ትሞሉታላችሁ። ስንት ሰዓት አልጋ ገባችሁ? እንቅልፍ እስኪወስዳችሁ ምን ያህል ቆየ? ሌሊት ስንት ጊዜ ነቃችሁ? ስንት ሰዓት ተነሣችሁ? ደቂቃ በትክክል መቁጠር አያስፈልግም፤ ግምት ይበቃል። እንዲያውም ሌሊት ሰዓት ማየት አይፈቀድም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ሰዓት ባየሁ ቁጥር ሒሳብ እጀምራለሁና። ‹አሁን ብተኛ 4 ሰዓት እተኛለሁ፤ አሁን ብተኛ 3 ሰዓት ተኩል።› የግድግዳውን ሰዓት ከመኝታ ክፍል አወጣሁት። ስልኩንም ከአልጋ ራቅ አድርጌ ማስቀመጥ ጀመርኩ።

ለእኛ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። አፑ የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል የተኛ ሰው 10፡30 ብሎ ነው የሚሞላው፤ ያውም ‹ፒኤም› የሚለውን መርጦ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ደግሞ 12፡00 ‹ኤኤም› ነው። ጧት በእንቅልፍ ዓይን ይህን መለወጥ ያደናግራል። ከሌሊቱ 6 ሰዓትን ‹12 ፒኤም› ብላችሁ ከሞላችሁት አፑ እኩለ ቀን ላይ እንደተኛችሁ ይቆጥረውና ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል። እኔ በአበሻ ሰዓት ወረቀት ላይ እጽፍና ሥራ ስገባ ረጋ ብዬ እገለብጠዋለሁ። ይህን አድርጉ፤ ከብዙ ግራ መጋባት ያድናችኋል።

ከመዝገቡ የሚወጣው ዋናው ቁጥር ይህ ነው፦ አልጋ ላይ ከቆያችሁበት ጊዜ ውስጥ ምን ያህሉን ተኛችሁ? ለምሳሌ አንድ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጧት 12 ሰዓት አልጋ ላይ ይቆያል እንበል። 9 ሰዓት ነው። የተኛው ግን 6 ሰዓት ብቻ ነው። ከመቶ 67 ማለት ነው። በዚህ ሕክምና ጥሩ የሚባለው ከመቶ 85 እና ከዚያ በላይ ነው። የቀረው 3 ሰዓት የት ሄደ? በሐሳብ ሄደ። በየሌሊቱ 3 ሰዓት አልጋ ላይ ተጋድሞ ማሰብ ትንሽ ነገር አይደለም። አልጋው የእንቅልፍ ቦታ መሆኑ ቀርቶ የሐሳብ ቢሮ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ነው ከባዱ የሚመጣው። ብዙ እንቅልፍ የፈለገ ሰው ቶሎ አልጋ መግባት አለበት ብለን ነው ያደግነው። ሕክምናው ተቃራኒውን ያዛል። ያ 6 ሰዓት የሚተኛ ሰው አልጋ ላይም 6 ሰዓት ብቻ ይቆይ ይላል። ጧት 12 ሰዓት ከተነሣ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት አልጋ አይገባም። ሌሊቱ ቢከፋም ቢለማም ጧት 12 ሰዓት ይነሣል። ገደቡ ከ5 ሰዓት በታች እንዲወርድ አይመከርም። ከዚያ ቁጥሩ ሲሻሻል በ15 ደቂቃ፣ በ15 ደቂቃ ይጨመራል።

ለምን ይሠራል? ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል። እየተጠራቀመ ሲሄድ እንቅልፍ ይገፋናል። ቶሎ አልጋ የሚገባ ሰው ይህ ግፊት ሳይሞላ ነው የሚጋደመው። ግፊቱ ደካማ ሲሆን ሐሳብ ያሸንፈዋል። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ግን ግፊቱ ሞልቶ ይጠብቀዋል። እኔ ሐሳቤን ማቆም አልቻልኩም፤ ሐሳቤን የሚያሸንፍ እንቅልፍ ግን ማጠራቀም እንደሚቻል ያወቅሁት ከዚህ ነው።

ገደቡን የጀመርኩበት ሳምንት በጣም አስቸጋሪ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ዓይኔ ይከደናል፤ አልጋ ግን አይፈቀድም። ባለቤቴ ‹ኧረ ተኚ በቃ፣ ምን ያንገላታሻል?› ይለኛል። ተቀምጬ የነገ ጎመን እከትፋለሁ። የልጆቹን ዩኒፎርም እተኩሳለሁ። ቀን ላይ ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ሥራ ላይ የምሰጠውን እያንዳንዱን መድኃኒት ከባልደረባዬ ጋር ደግመን እናይ ነበር። ይህን አስቀድማችሁ ሥራ ቦታ ከምታምኑት ሰው ጋር ተነጋገሩበት። ዓመታዊ ፈቃድ ካላችሁ ገደቡን ለምትጀምሩበት ሳምንት ብታውሉት ከንቱ አይሆንም።

ሁለተኛው ሕግ የቡትዚን ነው። አልጋ ላይ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ተነሡ ይላል። ከመኝታ ክፍሉ ውጡ። ደብዛዛ ብርሃን ያለበት ቦታ ጸጥ ያለ ነገር ሥሩ። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ተመለሱ። ካልመጣ እንደገና ተነሡ። አልጋ ላይ ቴሌቪዥን፣ ፌስቡክ፣ ሒሳብ፣ ክርክር የለም።

ይህ ሕግ ሲጻፍ ትርፍ ክፍል ያለው ቤት የታሰበ ይመስለኛል። እኛ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ሳሎን የባለቤቴ ታናሽ እህት ትተኛለች። በረንዳው ይበርዳል። የቀረኝ ኩሽና ነው። አንድ በርጩማ አስገባሁ። ጋቢ በሩ ኋላ አንጠለጠልኩ። ትልቁን መብራት ትቼ ትንሿን የእጅ ባትሪ ወደ ግድግዳ አዞርኳት። ከዚያ ሰፌድ አንሥቼ ምስር እለቅማለሁ።

የምስር ለቀማን ለሁሉም እመክራለሁ፤ ከልቤ ነው። ማንበብ ሞክሬ ነበር፤ መጽሐፉ ጥሩ ከሆነ ያነቃኛል። ስልክ ፈጽሞ አይሆንም። ምስር ግን እጅንም ዓይንንም በልኩ ይይዛል። ጠጠሩን ታያለህ፣ ታወጣለህ፣ ሰፌዱን ትነቀንቃለህ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሳሎን የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። ሐሳቡ ይመጣል፤ ግን እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ እንደ አልጋው አይጠመዘዝም። ትንሽ ቆይቶ አንገቴ ይዘነብላል። ያን ጊዜ እሄዳለሁ። በዐቢይ ጾም ጊዜ ቤታችን ያልተለቀመ ምስር አይገኝም ነበር። እናቴም ‹እኔ እኮ ድሮ ፈትል የምፈትለው ለዚሁ ነበር› አለችኝ። እንቅልፍ ሲርቃት እንዝርቷን እንደምታነሣ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሕጉ አንድ ሌሊት ላይ ብዙ ጊዜ ሊያስነሣችሁ ይችላል። አትናደዱ። ሰውነታችሁ ‹አልጋ ማለት እንቅልፍ ነው› ብሎ እስኪማር ነው። አልጋ ላይ ስጋደም ጭንቅላቴ የሚነሣው ለዓመታት እዚያ ስላሰበ ነበር። ቦታውን ለምዶታል። በርጩማውን ደግሞ የሐሳብ ቦታ አደረግሁለት። ይህ ልዩነት ሲገባኝ ነው አፑን ማመን የጀመርኩት።

አፑ ውስጥ የትንፋሽና የጡንቻ ማፍታቻ ልምምዶችም አሉ። ደህና ናቸው። እግርን አጥብቆ መልቀቅ፣ ከዚያ ጉልበትን፣ ከዚያ ትከሻን። ትከሻዬ ምን ያህል ተወጥሮ እንደሚውል ያየሁት በዚህ ነው። ከዚህ በላይ ስለ እነሱ የምለው የለኝም።

ስለ ሐሳብ ሰዓት ግን ልናገር። በዚህ ሕክምና ውስጥ ጭንቀትን በቀን ውስጥ ቀጠሮ መስጠት የሚባል ነገር አለ። ሐሳብ ሌሊት የሚነሣው ቀን ላይ ቦታ ስላጣ ነው። እኔ ከሥራ እንደተመለስኩ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። ልጆቹ ‹የእማዬ ሰዓት› ይሏታል፤ አይጠሩኝም። ያለኝን ሐሳብ ሁሉ እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ ጎን የሚቀጥለውን ትንሽ ሥራ አስቀምጣለሁ። ‹የትምህርት ቤት ክፍያ› ብሎ መተው አይበቃም። ‹ሐሙስ በምሳ ሰዓት ባንክ እሄዳለሁ፤ ደረሰኙን በቴሌግራም እልካለሁ› ነው የሚባለው። ‹ፍሪጁ› አይበቃም። ‹ከመውጣቴ በፊት ቴርሞሜትሩን አይቼ ወረቀቱ ላይ እፈርማለሁ› ነው። አሁን ሌሊት ‹ፍሪጁስ?› የሚል ሐሳብ ሲመጣ መልስ አለው፦ ፈርሜያለሁ።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ቴክሳስ በሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አለ። 57 ወጣቶች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ የሚቀጥሉት ቀናት ሥራዎቻቸውን ጻፉ። ሌሎቹ ደግሞ የጨረሷቸውን ሥራዎች ጻፉ። ቶሎ እንቅልፍ የወሰዳቸው ገና የሚሠሩትን የጻፉት ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ዝርዝራቸው ይበልጥ ግልጽ የሆነው ይበልጥ ቶሎ ተኙ። አንድ ጥናት ነው፣ ትንሽም ነው። ግን ደብተርና እስክርቢቶ ጉዳት የላቸውም።

መልስ የሌለው ሐሳብስ? የአባቴ ሕመም፣ የሀገር ነገር፣ ሩቅ ያለው ወንድሜ። እነዚህም ይጻፋሉ። ከጎናቸው ‹ዛሬ የማደርገው የለም› ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያስለቅሰኝ ነበር። አሁንም አንዳንዴ ያስለቅሰኛል። ግን ልቅሶው በብርሃን፣ ቁጭ ባልኩበት ሰዓት መሆኑ ይሻለኛል።

ቡና። ይህን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። ካፌይን የሚሠራው ያንኑ አዴኖሲን የሚባለውን ነገር አንጎል ላይ እንዳያርፍ በመከልከል ነው። በአማካይ ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው በ5 ሰዓት ገደማ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣሁት ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሰውነቴ ውስጥ ነው ማለት ነው። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የምትወስዱ ሴቶች ደግሞ ይህ ጊዜ እጥፍ ያህል ሊረዝምባችሁ ይችላል። ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ።

አፑ ‹ከሰዓት በኋላ ካፌይን ተው› ይላል። ጥሩ ምክር ነው። ግን ጎረቤቴ እትዬ በራቸውን ከፍተው ‹ነይ፣ ቡናው ፈልቷል› ሲሉኝ ምን ልበል? ‹አልጠጣም› ማለት እኛ ሀገር ከቡናው በላይ የሆነ ነገር መመለስ ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ በግልጽ ነገርኳቸው። ‹እትዬ፣ እንቅልፍ እየነሣኝ ነው፤ ግን ጨዋታውን አልተውም።› አሁን እሄዳለሁ። ቆሎውን እበላለሁ። እጣኑን አሸትታለሁ። ለእኔ ሻይ ቅጠል የሌለው የጦስኝ ሻይ ያፈሉልኛል። ቡናዬን ጧት አቦልና ቶና ጠጥቼ እጨርሳለሁ፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ አልነካም። ከጎረቤት መራቅ ሌላ ሐሳብ ይወልዳል፤ ስለዚህ ቡናውን ተዉ እንጂ ሰዎቹን አትተዉ።

አፑ የሚጎድለው ምንድን ነው? አማርኛ የለውም። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ ግን ለእናቴ አልሰጣትም። ለእሷ መዝገቡን ደብተር ላይ በአማርኛ አስምሬላታለሁ። የተሠራው ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ስለሆነ ችግር ቢገጥማችሁ ደውሉ የሚላቸው ስልኮች የአሜሪካ ናቸው፤ እዚህ አይጠቅሙም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚሰማ ማኅሌት፣ አዛን፣ የውሻ ጩኸት አያውቅም። የእሁድ ቅዳሴንም አያውቅም። ‹በየቀኑ በአንድ ሰዓት ተነሡ› ይላል፤ እኔ ግን እሁድ ሌሊት 10 ሰዓት እነሣለሁ፤ ይህን አልተውም። ቀደም ብሎ መነሣት ዘግይቶ ከመነሣት የተሻለ ነው፤ የሚቀጥለው ምሽት እንቅልፍ ይጨምራልና። የምጠነቀቀው ከቅዳሴ መልስ፣ ከምሳ በኋላ ያለውን ረጅም እንቅልፍ ነው። እሱ የሰበሰብኩትን ሁሉ ይበትነዋል።

ይህ ሕክምና ለሁሉም አይደለም። እዚህ ላይ እንደ ፋርማሲስት በጥብቅ ነው የምናገረው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የአልጋ ሰዓቱን ብቻውን አይቀንስ፤ እንቅልፍ ማነስ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ። ለጥቂት ሌሊቶች ትንሽ ተኝታችሁ ድካም ካልተሰማችሁ፣ ንግግራችሁ ከፈጠነ፣ ገንዘብ ያለ ልክ ማውጣት ከጀመራችሁ፣ ይህ የሐሳብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ሐኪም ይያችሁ። አዲስ አበባ ላሉ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። አማኑኤል መሄድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ማዘዣውን ይዘው ወደ እኛ የሚመጡት ሰዎች አስተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ እናቶች ናቸው። በእንቅልፉ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰውም መጀመሪያ ይመርመር። ሹፌርና ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ሐኪም ምክር አይሞክረው። ሐሳቡ ራስን ወደ መጉዳት ከዞረ ደግሞ መዝገብ መሙላት አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ለቤተሰብ ተናግሮ ሆስፒታል መሄድ ነው።

አሁን እንዴት ነኝ? ጭንቅላቴ ቀን ላይ ያው ነው። ይሮጣል። ታክሲ ውስጥ ይሮጣል፣ ልጄን ሳበጥራት ይሮጣል። አፑ ይህን ይለውጣል ብላችሁ አትጠብቁ። የተለወጠው አልጋው ነው። ራሴን ትራስ ላይ ሳሳርፍ የሚመጣው ከሐሳብ ይልቅ እንቅልፍ የሆነበት ሌሊት በዛ። ሌሊት ስነቃም አልደነግጥም፤ ኩሽናው እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤቴ ‹ጧት ጧት ፊትሽ ተፈታ› ይለኛል።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገቡን ብቻ ሙሉ። ምንም አትቀይሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ግን የሰዓት ገደቡ የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ካልታመነ ገደቡም አይታመንም። ከቤተሰብ ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሌሊት ኩሽና ስትገቡ የሚደነግጥ ሰው እንዳይኖር።

እኔ መዝገቡን በየቀኑ መሙላት ትቻለሁ። ሰኔ ሲደርስ ግን፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ የመድኃኒት ቆጠራ ሲመጣ፣ ጭንቅላቴ እንደገና ሌሊቱን መያዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ አፑን እከፍታለሁ፣ የአልጋ ሰዓቴን አጠብባለሁ፣ ቆጠራው እስኪያልቅ በዚያ እሄዳለሁ።